መምህሩ «ማታ ደውዪልኝ» ሲልሽ፦ ግቢ ውስጥ ትንኮሳ ሲገጥም ምን ይደረጋል?

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። የሚድ ውጤት ተለጠፈ፣ የኔ ስም ፊት ለፊት ባዶ ነው። ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩት። «ወረቀትሽ አለ፣ አትጨነቂ፣ ግን እዚህ አይመችም፤ ማታ ደውዪልኝና ውጭ ቁጭ ብለን እናወራበታለን» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ፤ ለምን ፈገግ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዶርም ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው ብቻ አልነበረም የቸገረኝ። መጀመሪያ ይሄን አድርጊ፣ ቀጥሎ ይሄን፣ ደብዳቤውን ለዚህ ቢሮ ስጪ ብሎ በተራ የሚነግረኝ ሰው ነበር ያጣሁት። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ነው። በብዛት የማወራው ከሴት ተማሪዎች ጋር ነው፣ ግን ወንዶች ላይም ይደርሳል፤ ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ለነሱም ይሠራል።

ቀልድ ነው ወይስ ትንኮሳ?

ግቢ ውስጥ «ቀልድ» የማይባል ነገር የለም። ከካፌ ስትወጪ ደረጃ ላይ የተደረደሩት ልጆች ስለ ሰውነትሽ የሚጥሉት ቃል ቀልድ ይባላል። ላብ ውስጥ «እንዲህ ነው የሚያዘው» ተብሎ ወገብሽ ላይ የሚያርፈው እጅም ቀልድ ይባላል። ሳትጠይቂ በቴሌግራም የሚላክልሽ ፎቶም እንደዚያው።

ጅንጀና ሌላ ነው። አንድ ልጅ ቡና እንጠጣ ብሎ ቢጠይቅሽና አይ ብትዪው፣ እሱም «እሺ» ብሎ ቢሄድ ምንም አልተፈጠረም። አይ ካልሽው በኋላ ከላይብረሪ እስከ ዶርም እየተከተለ የሚመላለስ ከሆነ ግን ጅንጀና መሆኑ አብቅቷል። ጠያቂው ማርክሽን የሚይዝ ሰው ሲሆን ደግሞ ከመጀመሪያውም ጅንጀና አልነበረም። እስቲ አስቢው፣ ግሬድሽ በእጁ ላለ ሰው «እሺ» ብትዪ እንኳ ያ «እሺ» ከፍርሃት ይምጣ ከፍላጎት በምን ይታወቃል? ስለዚህ «እሷም ተስማምታ ነበር» የሚለው ነገር እኔን አያሳምነኝም።

ከመድረሱ በፊት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ምክንያቱም «ተጠንቀቂ» ሲባል ነው ያደግነው። ቀሚስሽን አስረዝሚ፣ በጊዜ ግቢ የሚለው ምክር ማንንም ሲያድን አላየሁም፤ ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ሒጃብ አድርገው የተተነኮሉ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። የሚጠቅመው ሌላ ነው።

ግቢ በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት የሥርዓተ ጾታ ቢሮው የት እንዳለ በእግርሽ ሄደሽ እዪ። ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ ዳይሬክቶሬት የሚባልበትም ጽሕፈት ቤት የሚባልበትም አለ። የፕሮክተሯን፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪዋን ስልክ ያዢ። የዩኒቨርሲቲውን ሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም መተዳደሪያ ደንቡን ከሲኒየሮች ተቀበዪና ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ሙሉውን ማንበብ የለብሽም፤ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ ግሬድ ቅሬታ የሚናገሩትን ክፍሎች ብቻ እይ አድርጊ።

መምህር ቢሮ ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ጓደኛሽ ውጭ ብትቆም ይበቃል። በሩ ገርበብ ይበል፣ ሲዘጋው «ይቅርታ ቲቸር፣ ትንሽ ይሞቀኛል» ብለሽ ራስሽ ክፈቺው። የተለጠፈ ማርክ ሁሉ ፎቶ አንሺ። የተመለሰልሽን ኩዊዝና አሳይመንት አትጣዪ፣ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ በአንድ ፌስታል ሰብስቢው። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ኋላ ላይ ግን «ሰነፍ ስለሆነች ነው የምትከሰኝ» ሲል ያ ፌስታል ይመልስልሻል።

ሲጀምር ምን ልበል?

ባጭሩ። ማብራራት አያስፈልግም። «ዶክተር፣ ስለ ውጤቴ የማወራው እዚሁ ቢሮ ነው፣ ማታ አልደውልም።» በቃ። «ቤተሰብ ይቆጣኛል» ወይም «እጮኛ አለኝ» አትበዪ፤ ምክንያት ስትሰጪው ምክንያቱን ሊያፈርስ ይሞክራል፣ ክርክር ይጀመራል። የክፍል ጓደኛ ከሆነም ያው ነው፦ «አልፈልግም፣ ከዚህ በኋላ እንዳትጽፍልኝ።» አንዴ በግልጽ ካልሽው ከዚያ በኋላ የሚልከው እያንዳንዱ መልእክት ማስረጃ ነው።

እዚያው ቆመሽ ቃል ቢጠፋሽስ? እንደኔ ፈገግ ብለሽ ብትወጪስ? ምንም ማለት አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል። ዶርም ገብተሽ ትንፋሽሽን ሰብስበሽ በጽሑፍ መመለስ ትችያለሽ። እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል። እንዲህ አድርገሽ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ከሰዓት ቢሮዎ ስለ ሚድ ውጤቴ ስጠይቅዎ ማታ እንድደውልና ውጭ እንድንገናኝ ነግረውኛል። ከትምህርት ውጭ መገናኘት አልፈልግም። ወረቀቴ ታርሞ ከሆነ ውጤቴን በቢሮ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ይሄ መልእክት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ እምቢታሽን ያደርሳል። ሁለተኛ ደግሞ በቃል የተነገረውን ነገር ቀንና ሰዓት ያለው ጽሑፍ ያደርገዋል። ቢክድ ክህደቱ ይጻፋል፣ ቢለማመጥ መለማመጡ ይጻፋል፣ ዝም ቢል ደግሞ መላክሽ አለ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚያፈገፍጉት፤ ጉልበታቸው ነገሩ በሁለት ሰው መሃል መቅረቱ ስለሆነ።

ዛሬውኑ ጻፊው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ይሄን ያዢ። ደብተር አውጪ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን አለ፣ ምን አልሽ፣ ማን ነበር። የሱን ቃል እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው፣ አትሸፍኚውም። ነውር ቃል ከሆነም እንዳለ ይጻፍ። አቤቱታሽን የሚያጣራው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ከሦስት ወር በኋላ ስትቆሚ «ማክሰኞ ነው ረቡዕ?» ብለው ይጠይቁሻል፣ ብትሳሳቺ ሁሉም ነገር ውሸት ሊመስል ነው። ደብተሩ ግን አይደነግጥም።

ቴሌግራም ላይ ከሆነ ፍጠኚ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከራሱም ካንቺም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ማታ ያየሽው ጠዋት ላይኖር ይችላል። ስክሪንሾት ስታነሺ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስሙ አብረው ይታዩ። ዩዘርኔም ይቀየራል፣ ስለዚህ ፕሮፋይሉን ከፍተሽ ስልክ ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ እሱንም አንሺ። ሲክሬት ቻት ከሆነ ግን ስክሪንሾት ስታነሺ ለሱ ማሳወቂያ ሊደርሰው ስለሚችል፣ በጓደኛሽ ስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ሁሉንም ለምታምኛት ሰው ላኪ፣ ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ። ስልክ ይሰረቃል። ብሎክ የምታደርጊውም ይሄን ሁሉ ካስቀመጥሽ በኋላ ነው። ተናደሽ ቻቱን በሙሉ ያጠፋችው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

አቤቱታው ገቢ ይሁን

አገራችን ውስጥ በቃል የተነገረ አቤቱታ የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ። «እሺ፣ እናየዋለን፣ ሰኞ ነይ።» ሰኞ ስትሄጂ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥርዓተ ጾታ ቢሮ ገብተሽ ተማከሪ፣ ጥሩ ሰው ካጋጠመሽ ከጎንሽ ትቆማለች፤ ግን ከቢሮው ሳትወጪ ወይም በማግስቱ አቤቱታሽ ወረቀት ላይ ይውረድ። በሁለት ቅጂ። አንዱን መዝገብ ቤት ስትሰጪ ሌላው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግልሽ። ያን ቅጂ ዶርም አታስቀምጪው፣ ፎቶ አንስተሽ ዋናውን ለዘመድ ወይም ለምታምኚው ሰው ስጪ። ግልባጭ ለተማሪዎች ዲንና ለፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ብታደርጊ ደብዳቤው አንድ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ይረዳል። ተከሳሹ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ራሱ ወይም የኃላፊው የቅርብ ሰው ከሆነ በዲፓርትመንት በኩል አትሂጂ፣ ደብዳቤው መጀመሪያ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። ማንን እንደምትከሺ፣ በየቀኑ ምን እንደሆነ በተራ፣ ምን ማስረጃ እንዳያያዝሽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን እንደምትፈልጊ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድልኝ» ብቻ ብለሽ አትዝጊው። ለምሳሌ፦

«ስለሆነም፦ የፈተና ወረቀቴ በሌላ መምህር እንዲታረምልኝ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ በግሬዴ ላይ ተጠርጣሪው እንዳይወስን፤ ከኔ ጋር በስልክም ሆነ በሌላ ሰው በኩል እንዳይገናኝ በጽሑፍ እንዲታዘዝ፤ እና በዩኒቨርሲቲው ሕግ መሠረት የዲሲፕሊን ምርመራ ተጀምሮ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

አማርኛ የማይመችሽ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፊው፣ ወይም በሚመችሽ ቋንቋ ጽፈሽ የሚተረጉምልሽ ሰው እንዲመጣ ጠይቂ። ቤተሰቡ ርቆ፣ የከተማውን ቋንቋ ሳያውቅ የተመደበ ተማሪ ብዙ ነው፤ ተንኳሾች የሚመርጡትም ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ምላሽ ካልመጣ በሁለተኛ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰሽ አስታውሺ። ከዚያም በኋላ ዝም ካሉ ከግቢው ውጭም በር አለ። እንባ ጠባቂ ተቋም የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲያድበሰብስ ቅሬታ ይቀበላል፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። እዚያ ስትሄጂ ያ «ገቢ» የተባለ ቅጂ ይሠራል።

አንቺ ተማሪ ሳትሆኚ የግል ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ከሆንሽ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይመለከትሻል። አዋጁ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ በዚህ ምክንያት ሥራ መልቀቅ ግድ ከሆነብሽም ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ይሰጥሻል።

ሽማግሌ ሲላክብሽ

ይላካል። አትጠራጠሪ። ደብዳቤው ገቢ በሆነ በሳምንቱ አንድ የማታውቂው መምህር ያስጠራሻል፣ ወይም አገርሽ ልጅ የሆነ ሲኒየር፣ አንዳንዴም የሃይማኖት አባት። «የልጆች አባት ነው፣ እንጀራውን አትዝጊበት።» «ስምሽ ይጠፋል፣ ማን ያገባሻል?» «ይቅርታ ጠይቋል፣ አንቺም ግሬድሽ ይስተካከላል።» ሰዎቹ ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ዕርቅ ነው የለመድነው። ግን ዕርቅ የሚሠራው ሁለት እኩል ሰዎች ሲጣሉ ነው። እዚህ አልተጣላችሁም።

መልስሽ አንድ ይሁን፦ «አቤቱታዬ ኮሚቴ ጋ ነው፣ ያላችሁትን እዚያ ንገሩልኝ።» ብቻሽን አታናግሪያቸው። ማን መጣ፣ መቼ፣ ምን አለ፣ ይሄም ደብተሩ ላይ ይግባ። «ግሬድሽ ይስተካከላል» ያለ ሰው ደግሞ ግሬዱ ለምን እንደተበላሸ ራሱ መስክሯል። ምንም ወረቀት ላይ፣ ምንም ቢሉሽ፣ ሳታነቢና ሳታማክሪ አትፈርሚ።

ሌላው የሚያጓጓው ስሙን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ማውጣት ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ግን አቤቱታሽ ሳይታይ ስም ጠቅሰሽ ብትለጥፊ በስም ማጥፋት ሊከስሽ ይችላል፤ ጉዳዩ የሱ መሆኑ ቀርቶ ያንቺ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተማክረሽ ሌላው።

ፖሊስና ሐኪም ጋ መቼ?

መዛት ከጀመረ፣ «ካልሆንሽልኝ ፊትሽን አበላሻለሁ»፣ «ፎቶሽን እለቅቀዋለሁ» ካለ ኮሚቴ አትጠብቂ፣ ፖሊስ ጋ ሂጂ። በስልክና በኢንተርኔት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል።

መምህሩ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ከጥያቄ አልፎ ከሄደ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 አለ። መምህር፣ አሠሪ ወይም አሳዳጊ በሴቲቱ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት ከፈጸመ በቀላል እስራት ይቀጣል። «አላስገደድኳትም፣ ራሷ መጣች» ማለቱ አያድነውም። ግን ልብ በዪ፦ ይሄ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል ነው፤ በእንዲህ ያሉ ወንጀሎች ላይ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው ያለሽ። «ሴሚስተሩ ይለቅና» ብለሽ ስትጠብቂ ጊዜው ያልፋል። የግቢው ምርመራ ሲንቀረፈፍም የፖሊሱ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

መደፈር ከሆነ ግን የማንም አቤቱታ አይጠበቅም፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ እንደ ሁኔታውም ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። ሽማግሌም ሊዘጋው አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብሽ ከሆነ እህቴ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ከተቻለ ሳትታጠቢ። የለበስሽውን ልብስ አትጠቢው፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያው ፖስትፒልም እንደዚሁ ጊዜ አይሰጥም። ታጥበሽ ከሆነ፣ ቀናት አልፈው ከሆነም ሂጂ፣ አሁንም የሚደረግልሽ ነገር አለ። አርግዘሽ ከሆነ ከመደፈር የመጣ እርግዝናን በሕክምና ማቋረጥ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ማስረጃ አምጪ አትባዪም፣ ቃልሽ ይበቃል። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ እንዲህ ያለው ማዕከል በሌሎች ከተሞችም ተከፍቷል። የደረሰብሽን ለአሥር ሰው ደጋግመሽ እንዳትናገሪ ተብሎ የተሠራ ነው።

ወንዶች፣ መምህራን፣ ጓደኞች

ወንድሜ፣ ደረጃው ላይ ከነሱ ጋር ስትቀመጥ አንተ ባትለክፍም ሳቅህ ይሰማል። ካልሳቅክ ጨዋታው ይሞታል። «ተዋት በቃ» ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልግም።

መምህር ከሆንክ ሥራህን ቀላል አድርገው። የማማከሪያ ሰዓትህን በር ላይ ለጥፍ፣ በሩን ክፈተው። ማርክ በመታወቂያ ቁጥር ለሁሉም አንድ ቀን ለጥፍ፤ አንድ ተማሪ ብቻዋን ውጤቷን ልትለምን ቢሮህ የምትመጣበት ምክንያት አይኑር። ለተማሪ በግል ማታ አትጻፍ፣ የክፍሉ ግሩፕ አለ። ይሄ ንጹሑን መምህርም ከሐሜት ይጠብቃል። ዲፓርትመንት ሄድ ከሆንክ ደግሞ የፈተና ወረቀት ላይ ስም ቀርቶ ኮድ እንዲጻፍ ማድረግ ባጀት አይጠይቅም። ማን የማንን ወረቀት እንደያዘ ካልታወቀ «ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው» የሚል ማስፈራሪያ አይኖርም።

ጓደኛሽ መጥታ ከነገረችሽ «ምን ለብሰሽ ነበር?» አትበያት። «ለምን ሄድሽ?» አትበያት። ወዲያው ክሰሺ ብለሽም አትግፊያት፣ መወሰን ያለባት እሷ ናት። ብቻዋን እንዳትሄድ ብቻ አድርጊ፤ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ ፖሊስ፣ ካፌም ቢሆን።

እኔ በመጨረሻ የነገርኩት ከላይኛው አልጋ ለምትተኛው ልጅ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በጨለማ፣ ፊቷን ሳላይ። ዝም ብላ ሰማችኝና ከአልጋዋ ወርዳ ደብተር አወጣች፣ የስልኳን መብራት አበራች። «ቀኑን ታስታውሺዋለሽ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ነገርኳት፣ እሷ ጻፈች። ጠዋት ሁለታችንም የመጀመሪያውን ክላስ ቀርተን ሥርዓተ ጾታ ቢሮ በር ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ገና አልተከፈተም።